የጓዳው ደረጃ

ባለፈው ወር ልጄ ሐና ወደ ዓይን ሐኪም ስትወስደኝ፣ ሁልጊዜ የምንሄድበት መንገድ ለጥገና ተቆፍሮ ተዘግቶ አገኘነው። የስልኳ ካርታ በሌላ በኩል አዙሮ ኩዊን አን የሚባለው ኮረብታ ላይ አወጣን። ዝናቡ ያው የሲያትል ዝናብ ነበር፤ አጥብቆ አይጥል፣ ጨርሶ አያባራ። ተሰልፈን ቀስ እያልን ስንሳብ ሐና ድንገት በጣቷ ወደ ቀኝ አመለከተች።

«ማሚ፣ ሉክ! ያንን ቤት እይው፤ ሶ ቢዩቲፉል!»

ዞር አልኩ። ጥጉ ላይ ክብ ማማ ያለው፣ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። በእኔ ጊዜ ቀለሙ ተልጦ አመድ መስሎ ነበር፤ አሁን አረንጓዴና ቀይ ዳማ ተቀብቷል። በረንዳው ላይ የልጅ ብስክሌት ተጋድሟል።

«እዚህ ቤት ሠርቻለሁ» አልኳት።

«ሪሊ? ምን ሠራሽ?»

«አንዲት አሮጊት እጠብቅ ነበር።»

«ኩል» አለች። ከፊታችን ያለው መኪና ተንቀሳቀሰና አለፍን። ሐና ጥሩ ልጅ ናት፤ መንገዱን እያየች ነበር እንጂ ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር። እኔ ግን ሐኪሙ ዘንድ ቁጭ ብዬም፣ ጠብታ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ሁሉም ነገር ሲደበዝዝብኝም፣ ያንን ቤት አጥርቼ አየው ነበር።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል ከገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ቢከን ሂል ላይ ከእትዬ አብረኸት ጋር ሁለት ክፍል ቤት እንጋራለን። እትዬ አብረኸት አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት እዚህ የኖሩ ሴት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሲታክ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ። ያኔ እዚያ የሚያደርሰው ባቡር አልነበረም፤ በጨለማ ተነስቼ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። የሰው አንሶላ ስገፍፍና ሳነጥፍ ውዬ ከሰዓት በኋላ ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። እትዬ አብረኸት ናቸው እንግዲህ በዚያ ላይ ሁለተኛ ሥራ ያገኙልኝ፤ እሳቸው ይሠሩበት የነበረ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚያስጠብቅ ድርጅት ነበር።

«ጓለይ» አሉኝ፣ ልጄ ሲሉ ነው፤ «ሥራው ቀላል ነው። አሮጊቷ ግን ቀላል አይደሉም።»

«ይናደዳሉ?»

«አይ። ያስተምራሉ።»

የመጀመሪያ ቀን ዝናብ እየደበደበኝ ደረስኩና ቅርብ ሆኖ ባገኘሁት በጓሮ በኩል ዞሬ የጓዳውን በር አንኳኳሁ። ከውስጥ ምርኩዝ ወለሉን ሲመታ ተሰማኝ። ቀጥሎ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ «በዚያ በኩል የሚገባ ሰው እዚህ ቤት የለም። ዞረሽ በፊት በር ነይ» አለኝ። እያጉረመረምኩ፣ ጫማዬ ውኃ እየጠጣ፣ ቤቱን በሙሉ ዞርኩ። በረንዳው ቤቱን እንደ መቀነት ሦስት ጎኑን ይዞረዋል፤ በዚያ ዝናብ መንገዱ የማያልቅ መሰለኝ። በሩን የከፈቱልኝ ሴት ከእኔ ትከሻ አያልፉም። ነጭ ፀጉራቸው ወደኋላ ተጠቅልሏል፤ በሰባ ምናምን ዓመታቸው ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት። ሚስ ዶረቲ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በሆዴ ከዚያች ቀን ጀምሮ አንቱ እንዳልኳቸው ቀረሁ።

ስሜን ጠየቁኝ። ንግሥት አልኳቸው፤ ትርጉሙንም ነገርኳቸው። ሳቁ።

«ይህ የቤት አሠራር ራሱ ኩዊን አን ነው የሚባለው» አሉ። «ንግሥቲቱ ግን ይህ ቤት ሲሠራ ከሞተች ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላት ምን ቀራት! ያኔ በዙፋን ላይ የነበረችው ቪክቶሪያ ናት። ኮረብታውም ስሙን ያገኘው ከእንዲህ ዓይነት ቤቶች ነው። እንግዲህ አንዷ ንግሥት ለቤቴ ስም ሰጠች፣ አንዷ ደግሞ አልጋዬን ልታነጥፍ መጣች።»

እንደዚያ ነበር የሚያስተምሩኝ። አቧራ ሳራግፍ ከኋላዬ እየተከተሉ በምርኩዛቸው ያሳዩኛል። ቤቱን ያሠራው የእንጨት ነጋዴ ነበር፤ ኮረብታው ገና ጫካ በነበረበት ዘመን የራሱ መሰንጠቂያ ያወጣውን እንጨት ሁሉ ለሰው ለማሳየት ሲል አናጢዎቹን እንደ ልባችሁ ብሎ ለቀቃቸው። አንድም ቦታ ባዶ አልተዉም። የውጭው ግድግዳ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ትንንሽ እንጨቶች ለብሷል። የማማው ጣሪያ ሾጣጣ ነው፤ የጎጆ ክዳን ይመስላል ብላቸው አላመኑኝም፤ በወረቀት ሥዬ አሳየኋቸው። የሳሎኑና የመብል ክፍሉ በሮች ሲገፏቸው ግድግዳው ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። ከመብል ክፍሉ ወደ ጓዳ የሚወርድ የነሐስ ቧንቧ አለ፤ እመቤቲቱ አፏን አስጠግታ ስትናገርበት የነበረ ነው፣ ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ዳቦ አምጡ እያለች።

ትልቁ ነገር ግን የፊት ደረጃው ነበር። በሩን እንዳለፉ ከፊት ለፊት እንደ ወንዝ ሰፍቶ ይወርዳል። እርከኖቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ መደገፊያው በአበባና በቅጠል የተፈለፈለ ወፍራም ኦክ። መካከል ላይ አንድ ማረፊያ አለ፤ በዚያ ግድግዳ ላይ ባለቀለም መስታወት ነበረና ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ብቅ ካለች፣ ምንጣፉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይፈስሳል። በሌላው ቀን ግራጫ ነው። ሚስ ዶረቲ ፎቅ፣ ማማው ውስጥ ባለው ክብ ክፍል ይተኛሉ፤ በየቀኑ ልብሳቸውን ለውጠው በዚያ ደረጃ ለእራት ይወርዳሉ፣ የሚጠብቃቸው እኔና አንድ ሳህን ሾርባ ብንሆንም። አንድ ቀን ለራሴ የያዝኩትን የክክ አልጫ አካፈልኳቸው። ማንኪያውን አፋቸው ውስጥ እንዳደረጉ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይህ የእናቴ ሾርባ ነው» አሉ። «ቢጫው ብቻ የአንቺ ነው።»

ስለ እናታቸው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። የነጋዴው ልጅ ወይም ዘመድ ይመስሉኝ ነበር። ለካ እናታቸው በዚያ ቤት ገረድ ነበሩ። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከኖርዌይ በመርከብ መጥተው በቀጥታ ወደዚያ ጓዳ ገቡ፤ ሚስ ዶረቲም የተወለዱት ጣሪያው ሥር ባለችው የገረዶች ክፍል ነው። ከጓዳ ተነስቶ፣ በየፎቁ በር እየከፈተ፣ እስከዚያች ክፍል የሚወጣ ሌላ ደረጃ አለ። ትከሻ ከግራና ከቀኝ ግድግዳ የሚነካበት፣ መስኮት የሌለው፣ ቀጥ ያለ ደረጃ። እናታቸው ሙቅ ውኃ፣ ማገዶ፣ የቆሸሸ አንሶላ ተሸክመው ሲመላለሱበት የእርከኖቹ መካከል እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። በፊት ደረጃ ላይ ገረድ መታየት የለባትም፤ ልታጸዳው ካልሆነ።

ከዓመታት በኋላ ነጋዴው ከሰረ፤ ቤቱም ክፍል በክፍል የሚከራይ ሆነ፤ እኔ ስሠራበትም በየበሩ ላይ የነሐስ ቁጥር ነበር። የሚስ ዶረቲ እናት የቀድሞ ጌቶቻቸው ሲሄዱ የተከራዮቹ ኃላፊ ሆነው ቀሩ፤ በመጨረሻም ልጃቸው አስተማሪ ስትሆን እናትና ልጅ ቤቱን ገዙት።

«የቤቱ ባለቤት ሆና እንኳ በጓዳው ደረጃ ነበር የምትወጣው» አሉኝ። «እናቴ፣ ቤቱ የራስሽ ነው፣ በፊቱ ደረጃ ውጪ እላታለሁ። እግሬ ለምዶታል ትለኛለች። እስክትሞት። ከቀብሯ ተመልሼ የደረጃውን በር ቆለፍኩት።»

በጋው መጣ። እዚህ አገር በነሐሴ በየአጥሩ ጥግ እሾሃማ እንጆሪ ይበስላል፤ አውቶቡስ ስጠብቅ እየለቀምኩ ጣቶቼ ወይን ጠጅ ሆነው ነበር የምገባው። ሚስ ዶረቲ እጄን አይተው «ዛሬ አውቶቡሱ ዘግይቷል ማለት ነው» ይሉኛል። ጥሩ ጊዜ ነበር። ግን እየደከመኝ ሄደ። ሆቴሉ ሰው ቀነሰብን፤ የቀረነው የሄዱትን ክፍል ደረብን። አውቶቡስ ላይ ቆሜ ያንቀላፋሁበት ቀን አለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ቅዳሴው ሳይጋመስ ግድግዳ ተደግፌ ተኛሁ፤ እትዬ አብረኸት በነጠላቸው ሸፈኑኝ።

መስከረም ላይ ሚስ ዶረቲ የፊት ደረጃው ማረፊያ ላይ ወደቁ። አልተሰበሩም፤ ክንዳቸው ብቻ ጠቆረ። የወንድማቸው ልጅ ፖል ግን ሰማ። ፖል ኤቨረት ከተማ ባለው አውሮፕላን ፋብሪካ የሚሠራ፣ በየቅዳሜው መጥቶ የሚፈስ ጣሪያ የሚደፍን ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም። እሱም ደክሞታል። አልጋቸውን ወደ ሳሎን እናውርድ አለ።

«ሳሎን ውስጥ የሚያስተኙት ሬሳ ነው» አሉት።

ስለዚህ የአረጋውያንን አቅም የምታይ ገምጋሚ ተጠራች። ጸጥ ያለች፣ ማህደር የታቀፈች ሴት ናት። ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ እሳት ቢነሳ፣ ቤቱ ውስጥ ማንም ባይኖር፣ ሚስ ዶረቲ ከመኝታቸው ተነስተው በራሳቸው መውጣት ይችላሉ ወይ? ካልቻሉ ብቻቸውን መኖር አይችሉም። የአንድ ወር ጊዜ ሰጠቻቸው።

በየቀኑ ተለማመድን። እኔ ከታች ሆኜ አያለሁ፤ እሳቸው በአንድ እጃቸው ምርኩዙን፣ በሌላው መደገፊያውን ይዘው ይወርዳሉ። ችግሩ የደረጃው ስፋት ነበር። ለጌጥ የተሠራ ነገር ለደከመ ሰው አይሆንም፤ መደገፊያው በአሮጊት መዳፍ የማይጨበጥ ወፍራም፣ ሌላኛው ጎን ደግሞ ባዶ። ማረፊያው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥና ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን እሳቸው ሲተኙ የጓዳውን ደረጃ ቁልፍ ከመሳቢያ አውጥቼ ከፈትኩት። የአቧራና የአሮጌ እንጨት ሽታ ወጣ። ሁለት እጆቼን ዘርግቼ ግድግዳዎቹን ነካሁ፤ ከላይ እስከ ታች በሁለቱም ጎን ቀጭን መደገፊያ ተመትቷል፤ እጅ የሚሞላ። ለመውደቅ እንኳ ቦታ የለም። ከመኝታ ቤታቸው በር እስከ ውጭ ደግሞ በግማሽ ያጥራል። ሲነቁ ደስ ብሎኝ ሮጬ ነገርኳቸው።

እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ አዩት።

«ቁልፉን መልሺ» አሉ።

«ሚስ ዶረቲ፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ለእሷ ለማሳየት።»

«ንግሥት፣ ቁልፉን መልሺ።»

መለስኩ። ሌላ ቀን ደግሜ ልለምናቸው አሰብኩ። ሦስተኛ ቀን ደግሞ ሌላ ዘዴ አሰብኩ። ሰው ሲደክመው ግን ሐሳቡ ይመጣና፣ እሺ ነገ ይላል፤ ነገም ሌላ ሃያ አልጋ ይዞ ይመጣል። ወሩ አለቀ።

የዚያን ቀን ሆቴሉ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ሳይመጡ ቀርተው ነበር። ቤቱ ስደርስ እጄ እርሳስ የሚይዝ አይመስለኝም። ሚስ ዶረቲ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው ዕንቋቸውን አድርገዋል። ገምጋሚዋ ከታች ቆመች፤ ፖል ከአጠገቧ። ሚስ ዶረቲ ከላይ ተነሱ። እስከ ማረፊያው ድረስ አገጫቸው አልተደፋም። እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። ውጭው ዝናብ ስለሆነ መስታወቱ ጠቁሯል። ምርኩዛቸው ተንሸራተተና እየተንከባለለ እግራችን ሥር መጥቶ አረፈ። እሳቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ገምጋሚዋ አዝና ይመስለኛል፣ «ሌላ መውረጃ የለም?» አለች።

«ነበረ» አለ ፖል። «ከድሮ ጀምሮ ተዘግቷል።»

ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ በየቀኑ አብረሻቸው ነሽ። በእሱ ሞክረው ያውቃሉ? ጥቂት ሳምንት ብጨምርላቸው የሚችሉ ይመስልሻል?»

ጥቂት ሳምንት። ያንን በር ከፍታልኝ ነበር። እኔ ግን ሳምንቱን ያየሁት በአውቶቡስና በአንሶላ ነው። ልምምዱን፣ ልመናውን፣ ኩርፊያውን አየሁ። እሳቸው ሌላ ቦታ ቢሄዱ ከሰዓት በኋላ እንደምተኛ አየሁ። ትራስ ታየኝ፤ እውነቴን ነው።

«አይመስለኝም» አልኩ። «ሞክረው አያውቁም። አይሞክሩትምም።»

ቃሉ ሁሉ እውነት ነበር። ሚስ ዶረቲ ከላይ ሆነው አዩኝ። አልተቆጡም። ትክክለኛውን መልስ ለመለሰ ተማሪ እንደሚያደርጉት ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

የሄዱት ከገና በፊት ነው፤ በፖል ቤት አቅራቢያ፣ ኤቨረት ወዳለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ። ፖል ሻንጣዎቹን እየተሸከመ በፊት በር ወደ መኪናው ይመላለሳል። እኔ ክቡ ክፍል ውስጥ ካፖርታቸውን እያለበስኳቸው ነበር።

«ቁልፉን ስጪኝ» አሉ።

የትኛውን ብዬ አልጠየቅኩም። የጓዳውን ደረጃ በር ራሳቸው ከፈቱት። «ከፊቴ ውረጂ» አሉኝ፤ «ከወደቅሁ የምወድቀው አንቺ ላይ ነው።» ፊቴን ወደ እሳቸው አዙሬ፣ የኋልዮሽ፣ እርከኖቹን በእግሬ እየዳበስኩ ወረድኩ። እሳቸው ሁለቱን መደገፊያዎች ጨብጠው፣ ጫማቸውን በጎደጎዱት እርከኖች ላይ እያሳረፉ መጡ። አልቆሙም። አልተንቀጠቀጡም። ከላይ የሚመጣው ትንሽ ብርሃን ፀጉራቸው ላይ ነበር፤ ፊታቸው አይታየኝም፤ ትንፋሻቸውን ብቻ እሰማለሁ፤ እኩል ነበር። ጓዳው ወለል ላይ ቆመው መለስ ብለው ወደ ላይ አዩ።

«ያን ያህል አይከፋም» አሉ።

ከዚያ የጓዳውን በር ከፈቱና፣ መጀመሪያ ቀን እኔን የመለሱበትን በር፣ በእሱ ወጡ። ዝናብ እየነካን ቤቱን ዞርን።

ፖል የመኪናውን በር ከፍቶ ቆሟል። «ደረጃው ላይ ስጠብቃችሁ ነበር፤ በየት በኩል ወጣችሁ?» አለ።

አየኋቸው። አንድ ቃል ብል ምናልባት ነገር ይለወጥ ነበር፤ ምናልባትም ወረቀቱ አልቆ ነበር፣ አላውቅም። እሳቸው መኪናው ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን እየሳቡ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ያኔም ደክሞኝ ነበር ልል እችላለሁ፤ ግን ያ ድካም ሳይሆን ፍርሃት ነው። ስለ ደረጃው ከተናገርኩ፣ ለገምጋሚዋ የሰጠሁት መልስ አብሮ ይነሳል።

አንድ ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳቸው፤ በየካቲት፣ ክክ አልጫ በዕቃ ይዤ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ። ሁሉም ነገር አንድ ወለል ላይ የሆነበት፣ ንጹሕ፣ ሞቃት ቤት ነው። አንድም እርከን የለውም። አልጫውን ትንሽ ቀመሱ። ስለ ፖል፣ ስለ ምግቡ፣ ጎረቤታቸው ስለሆነች ዘፋኝ አሮጊት አወሩኝ። ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

«አሁን እንቅልፍ ታገኛለሽ?» አሉኝ።

ሽሙጥ ፈልጌ ፊታቸውን አየሁ። አልነበረበትም። ለካ ያን ጊዜ ሁሉ ዓይኔን ሲያዩት ነበር።

«አገኛለሁ» አልኳቸው።

«ጥሩ» አሉ። በዚያው ፀደይ አረፉ፤ ፖል ደውሎ ነገረኝ።

እኔ ያንን ሥራ ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ሠራሁት። ብዙ ሰው ጠበቅሁ፤ ብዙ ገምጋሚም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ይችላሉ? ይመስልሻል? ለሐና ይህን ሁሉ የነገርኳት ከዓይን ሐኪሙ ስንመለስ ነው። እስከ ቤታችን እየነዳች ሰማችኝ። መኪናውን ፓርክ አድርጋ ሞተሩን አጠፋችና፣ «ባት ማሚ፣ እውነቱን ነው የተናገርሽው» አለችኝ። ልክ ናት። እንደማጽናናት ጉልበቷን መታ መታ አደረግሁ፤ ልታጽናናኝ የሞከረችው እሷ ሆና ሳለ።

ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ከሚስ ዶረቲ በኋላ፣ ስለ ሰው ስጠየቅ መልሴ ሁልጊዜ «ነገ ልንገርዎት» ነበር። አንዳንዶቹ ይበሳጩብኝ ነበር፤ ቀርፋፋ ናት ያለችኝም አለቃ ነበረች። ቤቴ ሄጄ እተኛለሁ፤ ጠዋት ሲነጋ እንደገና አስበዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያው የትናንቱ ነው። ጥቂት ጊዜ ግን አልነበረም።

ለሚስ ዶረቲ ያንን አንድ ሌሊት አልሰጠኋቸውም።